በመደኒ መንገድ ላይ የተዘረጋው ጥምጣም

በካርቱም ምድር ከእኔ የፈጠነ ብስክሌተኛ አልተፈጠረም። ይህን የምለው ራሴን ለማወደስ አይደለም፤ ለታሪክ ብዬ ነው። እኔ ያለፍኩበት አቧራ ሦስት ቀን አያርፍም ነበር። ድልድዩን ስሻገር ዓባይ ራሱ ቀና ብሎ ያየኛል።

እርግጥ ልምምድ በጀመርኩ በሁለተኛው ቀን አንድ ወተት ሻጭ በአህያ ቀድሞኛል። አህያዋ በግራና በቀኝ ወተት ተጭናለች፤ ሰውየው በጎን ተቀምጦ፣ እግሩን አጣምሮ ስልክ ያወራል። አልፎኝ ሲሄድ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ በእጁ ሰላም አለኝ። እኔም አጸፋውን መለስኩ። ትንፋሽ ስላልነበረኝ በቅንድቤ ነው የመለስኩት።

ያን ጊዜ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነበር። ለአሰልጣኙ ግን ሃያ ስምንት ብዬዋለሁ። እንደ ውሸት አይቆጠርብኝ፤ በእኛ አቆጣጠር ዓለም በሙሉ ሰባት ዓመት ታንሳለች። እሷ ያነሰችውን እኔ ባንስ ምን አለበት?

አሰልጣኙ ሱዳናዊ ነው። ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ገበያ ውስጥ፣ ሚኒባሶቹ ከሚሰለፉበት አደባባይ ጀርባ፣ አንዲት ጠባብ የብስክሌት መጠገኛ ነበረችው። ሁላችንም «ኮች» እንለዋለን። በወጣትነቱ ስመ ጥር ተወዳዳሪ ነበር ይባላል፤ እኔ ሳውቀው ግን ሆዱ ከእሱ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ነበር የሚደርሰው። አርብ አርብ ጠዋት ዘጠኝ አሥር እየሆንን ሱቁ ደጃፍ እንሰበሰባለን። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አለ፣ የመድኃኒት ቤት ሻጭ አለ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ። ሐበሻ እኔ ብቻ ነኝ። ሁላችንም የምናልመው አንድ ነገር ነው፤ ብስክሌትን እንጀራ ማድረግ።

የእኔ እንጀራ ቀለም መቀባት ነበር። ሚስቴንም ያገኘኋት በቀለም ነው። አል-ጣኢፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር የአንድ ትልቅ ግቢ አጥር እንድቀባ ተቀጠርኩ፤ የሁለት ቀን ሥራ ነው። በመጀመሪያው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የቤቱ ሠራተኛ ቀዝቃዛ ውኃ በጣሳ ይዛ ወጣች። አንድ ቃል ስትናገር የወሎ ልጅ መሆኗን ለየሁ። «እንካ፣ ፀሐይዋ እንዳትደፋህ» ነው ያለችው። ያ አጥር አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። በየቀኑ ያላማረኝ ጥግ አገኝ ነበር። ስጨርስ አምስት ድርብ ቀለም ለብሶ፣ ጥይት አይበሳውም እያልኩ እቀልድ ነበር። በኋላ ነገሩ ቀልድ ሆኖ አልቀረም።

ከአጥሩ የተረፈውን ደብዛዛ ቢጫ ቀለም ብስክሌቴን ቀባሁበት። ኮች አይቶ ራሱን ያዘ። ሰዎች ከብስክሌታቸው ላይ አንድ ግራም ለመቀነስ ዓመት ይለፋሉ፣ አንተ አንድ ባልዲ ቀለም ትጨምራለህ፣ ብሎ ሳምንት ሙሉ ሲነዘንዘኝ ከረመ። እኔ ግን ኮርቻዬ ላይ ቁጭ ባልኩ ቁጥር ከእሷ አጥር ላይ የተቀመጥኩ ያህል ነበር የሚሰማኝ።

ተጋባን። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን። ሁለታችንም የወሎ ልጆች ስለሆንን ይህ ወሬ አልነበረም። ወሬ የነበረው ሌላ ነው፤ እሷ የምታድረው አል-ጣኢፍ፣ አሠሪዋ መዳም ቤት፣ ከኩሽናው ጀርባ ባለች ክፍል ነው። እኔ ደግሞ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ባለች ክፍል። የምትወጣው ሐሙስ ማታ፣ የምትመለሰው አርብ ማታ። ሳምንት ማለት ለእኔ አርብ ነበር፤ የቀረው ስድስት ቀን ወደ አርብ የሚወስድ መንገድ ነው። ያቺኑ አርብ ደግሞ ከብስክሌት ጋር ተጋርታኛለች። ሐፍላ የሚሉትን የከተማ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ፎጣና ውኃ ይዛ መጨረሻው መስመር ላይ ትጠብቀኝ ነበር።

«ስንተኛ ወጣሁ?» እላታለሁ።

«ከኋላ ሁለተኛ። ባለፈው ከኋላ አንደኛ ነበርክ። አብሽር።»

በሌሎቹ ቀናት ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ፣ ሙቀቱ ሳይመጣ እነዳለሁ። የካርቱምን ሙቀት ለማያውቅ ሰው እንዲህ ልበለው፤ በሚያዝያ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ጥላህ ራሱ ጥሎህ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። ነፋስ ሲከብደኝ ሐፍላ ፈልጌ ከጀርባው እጠጋለሁ፤ መኪናው ነፋሱን ይሰብርልኛል። አንድ ቀን ረዳቱ በኋላ መስኮት ብቅ ብሎ፣ የሱዳን ረዳቶች ሒሳብ ሲጠይቁ እንደሚያደርጉት ጣቱን አጮኸብኝ። ተሳፋሪ አይደለሁም አልኩት። ነፋሳችንን እየተጠቀምክ ነው፣ ከተሳፋሪ በምን ትለያለህ አለኝ። መኪናው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ከፈልኩ። ሰውየው እውነቱን ነው።

አሁን ያለ ማጋነን የምናገረው አንድ ነገር አለ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ጥሩ ሆንኩ። በየአርቡ አንድ ሰው፣ ከዚያም ሌላ ሰው ከኋላዬ ይቀር ጀመር። በሦስተኛው ዓመት ከፊቴ የሚቀሩት ሁለት ብቻ ሆኑ። ያን ሰሞን ነው ኮች አንድ ማለዳ ሁላችንንም ሱቁ ውስጥ አስገብቶ በሩን የዘጋው።

ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የአንዱ ቡድን ሁለት ተወዳዳሪ ይፈልጋል አለን። ደመወዝ፣ ብስክሌት፣ መኖሪያ ቤት። መጀመሪያ ስድስት ወር ብቻን ሆኖ መቆየት ነው፤ ከዚያ ባለትዳር የሆነ ሚስቱን ያመጣል። የቡድኑ ሰው አርብ ዕለት መጥቶ ራሱ ያየናል። ውድድሩ አንድ በአንድ፣ በሁለት ሁለት ደቂቃ ልዩነት እየተነሳን፣ ከሰዓት ጋር ብቻ ነው። ከሶባ ተነስቶ በመደኒ መንገድ ሃያ ኪሎ ሜትር ወጥቶ መመለስ።

ሐሙስ ማታ ለሚስቴ ነገርኳት። ሰባቱንም ቀን በአንድ ጣሪያ ሥር፣ አልኳት። የምትሠሪው ለራስሽ ቤት፣ የምትተኚው በራስሽ አልጋ። «ስድስቱ ወር ግን አርብም የለውም» አለች። ከዚያ የውድድር ልብሴን አንስታ፣ ጀርባው ላይ የተላቀቀውን ኪስ መስፋት ጀመረች።

ያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን የተገናኙበት ነው። ቤታችን ውስጥ ሁለት ጾም ነበር። እሷ ቀኑን ሙሉ ውኃ አትቀምስም፤ እኔ ሥጋና ወተት ትቻለሁ። ለኮች እኔም ጾመኛ ነኝ ስለው ከልቡ ይስቅ ነበር። ቀኑን ሙሉ ባቄላ እየበላህ፣ ውኃ እየጠጣህ፣ ይህ ጾም ሳይሆን የሐኪም ትእዛዝ ነው ይለኛል። እኔና ሚስቴ ግን አንድ ደንብ ነበረን። በረመዳን አብረን ባመሸንበት ቀን እኔም እህል ሳልቀምስ ጠብቄያት፣ አዛን ሲል አንዲት ተምር ለሁለት እንከፍላለን። ግማሹ ለእሷ፣ ግማሹ ለእኔ። ፍሬውን በየተራ አንዳችን እንወስዳለን። ለምን እንደምንወስደው እስካሁን አላውቅም።

በረመዳን አርብ ለሠራተኛ ፈቃድ ማግኘት ከባድ ነው፤ የቤቱ ሁሉ ማፍጠሪያ የሚሰናዳው በእሷ እጅ ነው። ሚስቴ ለዚያ አንድ አርብ ብላ የሚቀጥሉትን ሁለት አርቦች ለመዳሟ ሰጠች። ይህን የነገረችኝ ሶባ ስንደርስ ነው።

ውድድሩ ከአስር ሰዓት በፊት ተጀምሮ ከመግሪብ በፊት ማለቅ ነበረበት። የቡድኑ ሰው ዘገየ። ፀጉሩን በደንብ ያበጠረ፣ ሰዓት የሚለካበትን መሣሪያ በአንገቱ ያንጠለጠለ ዝምተኛ ሰው ነው። ተራ ሲወጣ ኮች ጠራኝና፣ ልጆቹ ጾመኞች ናቸው፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ይጨርሱ፣ አንተ የባቄላ ጾመኛ ስለሆንክ መጨረሻ ትነሳለህ አለኝ። ተስማማሁ። የባቄላ ጾመኛው ግን ያን ቀን በደንባችን መሠረት ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበር። ይህን ለኮች አልነገርኩትም። ሚስቴም አብረን ስለምናፈጥር ደስ ብሏት ዝም አለች። በብስክሌት ስፖርት ታሪክ ባዶ ሆዱን አርባ ኪሎ ሜትር ለመሽቀዳደም የተነሳ የመጀመሪያው ጅል እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ተነሳሁ። ያ መንገድ ቀጥ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ ሜዳ፣ አልፎ አልፎ መንደር። ነፋሱ ከኋላዬ ነበር። መመለሻው ላይ ስዞር ደግሞ በተአምር ጸጥ አለ። ይህን ስናገር የሚያምነኝ የለም፣ ግን ያን ቀን እግሮቼ የእኔ አልነበሩም፤ ከአንድ የሃያ ዓመት ጎረምሳ በውሰት የመጡ ነበሩ። ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ የኮች አሮጌ መኪና ከጎኔ መጣች። በመስኮቱ ወጥቶ ሁለት ጣት አሳየኝ።

«ሁለተኛ ነህ፣ ያ ሐበሺ። አሥር ኪሎ ሜትር ብቻ። እንዳለህ ያዘው፣ ቤትህን ይዘሃል።»

ይህን ብሎ ወደ መጨረሻው መስመር ቀደመኝ። ብቻዬን ቀረሁ። ፀሐይዋ ሜዳው ላይ ወርዳ፣ ቀይ ሆና ተቀመጠች። ከዚያ ከፊቴ ካለው መንደር አዛን ተሰማ።

ሱዳን የኖረ ሰው ቀጥሎ የሚሆነውን ያውቃል። በረመዳን በዚያ መንገድ ዳር ያሉ መንደሮች ማፍጠሪያቸውን ቤት ውስጥ አይበሉም፤ አስፋልቱ ዳር ምንጣፍ አንጥፈው፣ ትሪውን ደርድረው ይቀመጣሉ። አዛን ሲል ወንዶቹ ተነስተው ረጅም ነጭ ጥምጣማቸውን ፈተው፣ ከዳር እስከ ዳር በመንገዱ ላይ ይዘረጉታል። ያን ሰዓት የሚያልፍ መኪና የለም። የጭነት መኪናም ሆነ ሐፍላ ቆሞ፣ ወርዶ፣ በልቶ ነው የሚሄደው። መንገደኛን ሳያበሉ ማሳለፍ ለእነሱ ነውር ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ዓመታት ሙሉ ለሰው ሁሉ እንዲህ ነበር የማወራው። ጥምጣሙ ደረቴን ያዘኝ፣ ስድስት ወጠምሾች ከነብስክሌቴ አየር ላይ አነሱኝ፣ ቁጥሬን እያሳየሁ ውድድር ላይ ነኝ ብዬ ብጮኽ አንድ ሐጂ አሲዳ በአፌ ጎሰጎሱብኝ። ታሪኩ በተነገረ ቁጥር ወጠምሾቹ ይጨምሩ ነበር። የመጨረሻው ቆጠራ ላይ አሥራ አራት ደርሰው ነበር።

አሲዳ የእኛ ገንፎ ታናሽ ወንድም ነው። ወጡ ደግሞ ከደረቅ ሥጋና ከተፈጨ ባሚያ የሚሠራ፣ እንደ ማር የሚሳብ ነው። ሥጋ እንዳለበት አውቃለሁ። ሁዳዴ መሆኑንም አውቃለሁ። ከላዩ ሑሉሙር የሚሉትን ቀይ ጎምዛዛ መጠጥ አጠጡኝ። በልቼ ስነሳ ጨልሟል፤ ሐጂው መብራት በሌለው ብስክሌት አትሄድም ብለው ከነብስክሌቴ ፒክአፕ ላይ ጫኑኝ። የሕይወቴን ትልቁን ውድድር የጨረስኩት ከሁለት ፍየሎች መካከል ቁጭ ብዬ ነው።

መጨረሻው መስመር ላይ የቀሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። የቡድኑ ሰው ሄዷል። ኮች መኪናው አፍንጫ ላይ ተቀምጦ የራሱን ሰዓት መለኪያ በእጁ እንደያዘ ነው፤ ሰዓቱ አሁንም ይቆጥራል። ፒክአፑን አየ፣ ብስክሌቱን አየ፣ ከዚያ ጠጋ ብሎ ጢሜን አየ። ያን ጊዜ ሰዓቱን ተጫነና አቆመው።

«የባሚያ ነው?» አለኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ጥሩ ነበር?»

ጥሩ እንደነበር ነገርኩት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ ብስክሌቴን ራሱ አወረደልኝ።

ሚስቴ ትንሽ ራቅ ብላ ቆማለች። ሐጂው ሄደው ሰላም አሏት፣ ለእሷ ያመጡትን የተከደነ ሳህን ሰጧት፣ ትንሽ አወሩ። እኔ ካቴናው ወልቆ ከእሱ ጋር እታገል ስለነበር አልሰማሁም። ስመጣ መሐረቧን ፈታች። ውስጡ ግማሽ ተምር አለ። የራሷን ግማሽ በአዛኑ ሰዓት በልታ፣ የእኔን ጠቅልላ፣ ሌላ እህል ሳትቀምስ ቆማ ነበር። ሆዴ እስከ ጉሮሮዬ ሞልቶ ያቺን ግማሽ ተምር ዋጥኩ። ከበላሁት ሁሉ የከበደኝ እሷ ናት።

የጥምጣሙን ታሪክ እዚያው ነገርኳት፤ ያኔ ወጠምሾቹ ገና አራት ነበሩ። እየሳቀች ጢሜን በመሐረቧ ጠረገችልኝ። «አብሽር። አርብ አለን» አለች። ሁለት አርቦቿን እንደሰጠች ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጦርነቱ መጣ። ስለ እሱ የሚጽፉ ሌሎች አሉ። እኛ በገዳሪፍ አድርገን፣ በመተማ ገብተን፣ አሁን ደሴ ነን፤ በአንዲት ክፍል፣ ሰባቱንም ቀን። ብስክሌቱ ሊሰጠን ያልቻለውን በዚህ መንገድ አገኘነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሳገኝህ ከዚህ ይልቅ ቁም ነገረኛ ትመስለኝ ነበር ትለኛለች። ቢጫው ብስክሌት ኮች ሱቅ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ቀረ። ኮች ካይሮ እንደገባ ድምፁን በስልክ ልኮልኛል። መጀመሪያ የጠየቀኝ ጢሜን ነው።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቶች መጥተው የጥምጣሙን ታሪክ አወራሁላቸው። አሥራ አራቱም ወጠምሾች ነበሩ። እንግዶቹ እየሳቁ ከወጡ በኋላ ሚስቴ ብርጭቆ እየሰበሰበች፣ ፊቷን ሳትመልስ ተናገረች።

«ያን ቀን ሐጂው ምን እንዳሉኝ ልንገርህ? ‹ባልሽ ጨዋ ነው። ቁጥሩን አይተን ጥምጣሙን መሬት ላይ ጥለንለት ነበር፣ ያልላ ሂድ ብለነው ነበር። እሱ ግን ማዕዳችንን አልፎ መሄድ አልሆነለትም› አሉኝ።»

ብዙ ዓመት ይዛው ኖራለች። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኳት። ስታወራው ደስ ይልሃል፣ ደስታህን ለምን ልንጠቅህ አለች። ከዚያ ዞር አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

«እኔ ግን ምክንያቱን አውቃለሁ። ስድስት ወር ብቻዬን እንዳልቀር ብለህ ነው ያቆምከው።»

ወንበሩን ስባ ከአጠገቤ ተቀመጠች። ከዚህ የተሻለ በር ለማንም ሰው ተከፍቶለት አያውቅም። አዎ ብል ኖሮ እስክሞት ድረስ ቅዱስ እሆን ነበር።

እውነቱን ነገርኳት፤ ለእናንተም ይኸው። ጥምጣሙ መሬት ላይ ነበር። መንገዱ ክፍት ነበር። ፍሬን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ርቦኝ ነበር፤ ሥጋው ሸተተኝ። ስለ ቡድኑም፣ ስለ ቤቱም፣ ስለ ስድስቱ ወርም፣ ግማሽ ተምር ይዛ ስለቆመችው ሴትም ያን ሰዓት ትዝ ያለኝ ነገር የለም። አሲዳው ሁለት ጊዜ ተጨምሮልኛል። ሁለተኛውን ጨምሩልኝ ብዬ የጠየቅኩት እኔው ነኝ።